«ስታገቢ ይስተካከላል» ሕክምና አይደለም



ዛሬ ከአንድ አባባል ጋር ልሟገት ነው የመጣሁት። ሁላችሁም ሰምታችሁታል። የወር አበባዋ ሦስትና አራት ወር እየዘለለ የሚመጣ፣ አገጯ ላይ ጠንካራ ፀጉር የሚበቅልባት፣ ፊቷ ከብጉር አልላቀቅ ያላት ልጅ ጭንቀቷን ስትናገር የሚሰጣት መልስ ነው፦ «ተይው ልጄ፣ ስታገቢ ይስተካከላል።» አግብታ ከሆነ ደግሞ «ስትወልጂ ይለቅሻል» ትባላለች።

ይህን የሚሉት እናቶችና አክስቶች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያም ይለዋል። «ባል አለሽ? የለሽም? እንግዲያው ልጅ ስትፈልጊ ተመለሺ» ተብለው የተሸኙ ወጣቶች በየጊዜው ወደ እኔ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ አምስትና ስድስት ዓመት ቆይተዋል።

አባባሉ ማጽናኛ ይመስላል። ውስጡ ያለው ግን «ያንቺ ጤና የሚያሳስበን መውለድ ያለብሽ ጊዜ ሲደርስ ነው» የሚል ነው። ልጅቷ ዛሬ ታማለች፤ እኛ ግን ገና ላልመጣው ባልና ገና ላልተፀነሰው ልጅ ቀጠሮ እንይዝላታለን። ይህ መቆም አለበት። ለምን እንደምል ላስረዳ።

🔹 ችግሩ ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ከዚህ ምልክት ጀርባ ያለው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ በአጭሩ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው። በብዙዎቹ ሴቶች ሰውነት ለኢንሱሊን በሚገባ አይታዘዝም። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቆጣጠር ሆርሞን ነው። ሰውነት ሳይታዘዘው ሲቀር ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪን፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻውን፣ «የወንድ ሆርሞን» የሚባሉትን አንድሮጅኖች ከመጠን በላይ እንዲያመርት ይገፋፋዋል። ያኔ እንቁላል በወቅቱ አድጎ አይወጣም፣ የወር አበባ ይዛባል፣ ፀጉር በማይፈለግበት ቦታ ይበቅላል፣ ብጉር ይበዛል፣ የራስ ፀጉር ይሳሳል።

ስሙ ራሱ ሰውን ያሳስታል። «ፖሊሲስቲክ» ሲባል ብዙዎች «ኦቫሪዬ ላይ ብዙ ውሃ የቋጠረ እጢ አለ» ብለው ይደነግጣሉ። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ግን ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቀሩ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞሉ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ካንሰር አይደሉም። በኦፕራሲዮን ተለቅመው የሚወጡም አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች 7 ሴቶችን ጠቅሰው ችግሩን ሲገልጹ ትኩረታቸው ኦቫሪው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕመሙ የማህፀንና የመውለድ ጉዳይ ተደርጎ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰበው ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ስሙ ትኩረትን ወደ ኦቫሪ ብቻ ስለሚስብ እንዲቀየር መክሮ ነበር። ፒሲኦኤስ ስኳርን፣ ክብደትን፣ ደም ግፊትን፣ ቆዳንና ስሜትን ይነካል። ኦቫሪ ከሚነኩት አንዱ ብቻ ነው።

ብርቅ ነገርም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት ችግሩ አለባቸው። ካለባቸው መካከል እስከ 70 በመቶው ሳይታወቅላቸው ይኖራሉ። አርባ ሴቶች የተሰበሰቡበት ዕድር ወይም ማኅበር ካላችሁ፣ በዚህ ግምት ከመካከላቸው ከ4 እስከ 5 የሚሆኑት ይህ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል ማለት ነው።

🔹 ጋብቻ እስኪመጣ ስንጠብቅ ምን ይሆናል?

አንደኛ፣ ስኳር። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ለዓይነት 2 የስኳር በሽታና በእርግዝና ወቅት ለሚመጣ ስኳር ያላት ተጋላጭነት ከእኩዮቿ ይበልጣል። ይህ ቀጭን ሴቶችንም ይመለከታል። የልጃችሁ አንገት ከኋላ ጠቁሮና ወፈር ብሎ፣ ሲነኩት እንደ ከፋይ ለስለስ ካለ «አትታጠቢም እንዴ?» እያላችሁ አትፈትጓት። እድፍ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰውነቷ ለኢንሱሊን እየታዘዘ እንዳልሆነ ቆዳዋ የሚሰጣችሁ ምልክት ነው። በሳሙናና በድንጋይ ፍተጋ ቆዳዋ የቆሰለ ልጆችን አይቻለሁ። የሚያስፈልጋቸው የደም ስኳር ምርመራ ነበር።

ሁለተኛ፣ ማህፀን። እንቁላል ሳይወጣ ሲቀር የማህፀንን የውስጥ ሽፋን በየወሩ የሚያረግፈው የሆርሞን ዑደት ይቋረጣል። ሽፋኑ ግን መወፈሩን ይቀጥላል። ወራትና ዓመታት እንዲህ ሲያልፉ ከባድ የደም መፍሰስ፣ ከዚያም ያልተለመደ የሕዋስ ለውጥ ሊመጣ ይችላል። የማህፀን ሽፋን ካንሰርም በእነዚህ ሴቶች ላይ ከሌሎች ይልቅ ይታያል። በወጣትነት አሁንም ጥቂቶችን ብቻ የሚያገኝ ስለሆነ አትደንግጡ፤ ግን ሊከላከሉት የሚቻል ነገር ነው። ማህፀን የጋብቻ ወረቀት አይጠይቅም። ያላገባችውም ሽፋኗ ይወፍራል።

ሦስተኛ፣ አእምሮ። ጭንቀትና ድባቴ ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች በብዛት ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ፒሲኦኤስ የተገኘባት እያንዳንዷ ሴት ስለ ስሜቷም እንድትጠየቅ ያዛል። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አገጯን የምትላጭ፣ ፎቶ ሲነሳ ከኋላ የምትደበቅ፣ ከሰርግ የምትቀር ልጅ «ኮርታለች» ወይም «ዓይነ አፋር ናት» ይባልላታል። ማንም ቀርቦ «ምን ሆነሽ ነው?» አይላትም።

🔹 «ግን እኮ እኔም ስወልድ ተስተካክሎልኛል!»

እውነት ሊሆን ይችላል። አልክድም። የወር አበባ ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶችም ዕድሜ ወደ ሠላሳዎቹ መጨረሻ ሲጠጋ ይበልጥ እየተስተካከለ የሚሄድበት ጊዜ አለ። አባባሉ እውነት የሚመስለውም ለዚህ ነው፤ ሴቷ ባገባችና በወለደች መካከል ዓመታት አልፈዋል፣ ምስጋናውን ጋብቻው ወሰደው። የስኳርና የደም ግፊት ተጋላጭነቱ ግን ከወሊድ በኋላም አብሯት ይቀጥላል። በዘር የመተላለፍ ዝንባሌም ስላለው፣ እናት «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ስትል ለእኔ ለሐኪሟ ልጅቷን ይበልጥ እንድመረምር የሚያደርግ መረጃ ነው።

🔹 መቼ ነው ወደ ሕክምና የምትወስዷት?

የወር አበባ በጀመረችበት የመጀመሪያ ዓመት መዛባቱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቀን ቁጠሩ፦

✅ ከጀመረች ከ1 እስከ 3 ዓመት ከሆናት፦ ከ21 ቀን ባነሰ ወይም ከ45 ቀን በላይ ቆይቶ የሚመጣ ከሆነ
✅ ከ3 ዓመት በላይ ከሆናት፦ ከ21 ቀን ባነሰ ወይም ከ35 ቀን በላይ ቆይቶ የሚመጣ፣ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች ከሆነ
✅ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አንድ ጊዜም ቢሆን ከ90 ቀን በላይ ከቀረ
✅ 15 ዓመት ሞልቷት ጭራሽ ካልጀመረች
✅ አገጭ፣ ደረት ወይም ሆድ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፀጉር ከበቀለ፣ ወይም ብጉሩ በተለመደው ሕክምና አልመለስ ካለ

⚠️ ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛና ድምጿ ከጎረነነ፣ ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም ከፈሰሳት ቀጠሮ አትጠብቁ። በአፋጣኝ ውሰዷት።

🔹 «ድንግል ናት፣ የማህፀን ሐኪም ጋ እንዴት እወስዳታለሁ?»

ይህን ፍርሃት አከብራለሁ፤ ግን ልጅቷን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። ፒሲኦኤስን ለመለየት ለልጃገረድ የውስጥ ምርመራ አያስፈልጋትም። ታሪኳን መስማት፣ ክብደትና የደም ግፊት መለካት፣ ቆዳዋን ማየት፣ ደም መስጠት ነው። አልትራሳውንድ ካስፈለገም በሆድ በኩል ይሠራል። ሐኪሙ የእርግዝና ምርመራ ቢያዝ እንደ ስድብ አትውሰዱት። የወር አበባ የቀረባትን ማንኛዋንም ሴት ስንመረምር የምናደርገው ነው።

እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። በአንድ አልትራሳውንድ ብቻ «ፒሲኦኤስ አለብሽ፣ መውለድ ትቸገሪያለሽ» ብሎ መሸኘት ትክክል አይደለም። አዋቂ ሴት ላይ ችግሩ አለ የሚባለው ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲገኙ ነው፦ የእንቁላል አወጣጥ መዛባት፣ የአንድሮጅን መብዛት፣ እና የኦቫሪው በአልትራሳውንድ መታየት (በአሁኑ መመሪያ ኤኤምኤች የተባለው የደም ምርመራም ሊተካው ይችላል)። የወር አበባ ከጀመረች 8 ዓመት ያልሞላት ልጅ ላይ አልትራሳውንዱ ለዚህ አይመከርም፤ ጤነኛ ልጆችም በዚያ ዕድሜ ብዙ ከረጢት ይታይባቸዋል። ለእነርሱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱም መገኘት አለባቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ የታይሮይድና የፕሮላክቲን መዛባት እንደሌለ መረጋገጥ አለበት።

እናንተም ጠይቁ። «የታይሮይድ ምርመራ ተሠርቷል? ስኳሬስ ታይቷል? የደም ግፊቴ ስንት ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች ጽፋችሁ ይዛችሁ ግቡ። 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ የሚሠራው የስኳር ምርመራ ከተገኘ የተሻለ ነው። ካልተገኘ በባዶ ሆድ የሚሠራው በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘም እንደ ተጋላጭነቷ በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ይደገማል።

🔹 «ሳታገባ የወሊድ መቆጣጠሪያ? ማህፀኗን ይዘጋዋል!»

አይዘጋም። ሁለት ሆርሞን የያዘው እንክብል ለፒሲኦኤስ የሚሰጠው የወር አበባን ለማስተካከል፣ የማህፀን ሽፋንን ለመጠበቅ፣ ፀጉርና ብጉርን ለመቀነስ ነው። «የወሊድ መቆጣጠሪያ» የሚለው ስም ስላስፈራችሁ ልጃችሁ ሕክምና አይቅርባት። ስታቆመው ዑደቷ ቀድሞ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ቀድሞ የተዛባ ከነበረ መዛባቱ ይመለሳል እንጂ እንክብሉ መካንነት አላመጣባትም።

ግን ከፋርማሲ ዝም ብሎ የሚገዛም አይደለም። ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባት፣ ደም የረጋባት፣ ወይም ከራስ ምታቷ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ የሚታያት ሴት ይህን እንክብል መውሰድ የለባትም። የሦስት ወሩ መርፌም ሌላ መድኃኒት ነው፤ ጎረቤት ስለወሰደችው አይተካውም። እንክብሉ የማይስማማት ካለች ሽፋኑን በየጊዜው የሚያረግፍ ሌላ ሆርሞን አለ። ሜትፎርሚን ደግሞ በተለይ ከስኳርና ከክብደት ጋር ለተያያዘው ይረዳል። መጀመሪያ ላይ ሆድ ስለሚረብሽ ከምግብ ጋር፣ በትንሽ መጠን ይጀመራል።

ፀጉሩ እስኪቀንስ ቢያንስ 6 ወር ይወስዳል። በሁለተኛው ወር ተስፋ ቆርጣችሁ አታቋርጡ። እስከዚያው መላጨትም ሆነ በክር ማስነሳት ነውር አይደለም። «ሲላጩት ይበዛል» የሚባለውም እውነት አይደለም።

🔹 «መጀመሪያ ክብደት ቀንሺ»

ክብደት መቀነስ ለሚያስፈልጋት ሴት ይጠቅማል። ከሰውነቷ ክብደት 5 በመቶው ቢቀንስ እንኳ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ግን «ቀንሰሽ ነይ» ብሎ ማባረር ሕክምና አይባልም። ችግሩ ራሱ ክብደትን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሳትበላ የምትውል ልጅም ማታ ላይ ተርባ ያገኘችውን ትበላለች።

ለፒሲኦኤስ ተብሎ የተለየ ከሌሎች የሚበልጥ ምግብ የለም። ከገበታችን ላይ መጀመር ይቻላል። እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን ጨመር ማድረግ፤ ሻይና ቡና ላይ ስኳሩን መቀነስ፤ ለስላሳን ለበዓል መተው። በፆም ወራት ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ላይ ሳይሆን ጥራጥሬው ላይ መበርታት። ብዙ ቀን ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ። ለእርሷ ብቻ የተለየ ሳህን አታቅርቡላት፤ ቤቱ በሙሉ ይለወጥ፣ ለአባቷም ደም ግፊት ይጠቅማል።

አብሽና ጥቁር አዝሙድ ቅመም ናቸው፣ ፒሲኦኤስን አያድኑም። የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ። «ሲስት በ21 ቀን የሚያሟሟ ሻይ» ለሚሸጥላችሁ ግን ብራችሁን አትስጡ። የሚሟሟ ነገር እንደሌለ ከላይ አይተናል። ጸበልም ዱዓም ለልብ ኃይል ነው፤ ማንም መድኃኒቷን እንድታቆም ሰበብ አያድርገው።

🔹 ልጅ ሲፈለግስ?

ፒሲኦኤስ ማለት መካንነት ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ይወልዳሉ፤ አንዳንዶቹ ያለ ምንም መድኃኒት፣ ሌሎቹ ሌትሮዞል በሚባል እንቁላል እንዲወጣ በሚረዳ እንክብል። እንዲያውም እንቁላል መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ፣ ልጅ የማትፈልግ ሴት «እኔ አልፀንስም» ብላ መዘናጋት የለባትም።

ለባሎች የምለው አለኝ። ሚስትህ ለዓመታት ከሐኪም ሐኪም፣ ከጸበል ጸበል ስትንከራተት አንተ አንድ ቀን የዘር ፈሳሽ ምርመራ አድርገሃል? መውለድ ከሚቸገሩ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት። ምርመራው ቀላል ነው፣ አያምም። እርሷ ፒሲኦኤስ ስላለባት የአንተ ምርመራ አይቀርም። እናትህ «ይቺ መካን ናት» ስትል ዝም ካልክም ዝምታህ እንደ መስማማት ይቆጠርብሃል።

🔹 ድጋፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ ችግር ዕድሜ ልክ አብሮ ሊኖር ይችላል፤ በቁጥጥር ሥር ይውላል እንጂ በአንድ ኮርስ መድኃኒት አይጠፋም። ስለዚህ ብቻዋን ልትሸከመው አይገባም።

እናት፦ የወር አበባዋን ቀን አብረሽ ጻፊ። ሐኪም ጋ አብረሽ ግቢ፤ ከዚያም ብቻዋን ከሐኪሟ ጋር የምታወራበት ጥቂት ደቂቃ ስጫትና ውጪ።

አባት፦ ጉዳዩ «የሴቶች ነገር» ነው ብለህ አትሽሽ። ለምርመራው የሚያስፈልገውን ሳትጠየቅ ስጥ።

ዘመድ ወዳጅ፦ «ወፍረሻል!» ሰላምታ አይደለም። «ጺም አወጣሽ?» ቀልድ አይደለም። «ልጅስ?» የእናንተ ጥያቄ አይደለም።

አንቺ እህቴ፦ ከእህትሽ ወይም ከምታምኛት ጓደኛሽ ጋር ለእግር ጉዞ ውጪ። ከሚያውቅሽ አንድ ሐኪም ጋር ክትትልሽን አታቋርጪ። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ፣ ይህንንም ለሐኪምሽ ንገሪው። እርሱም የሕመሙ አካል ነው፣ ይታከማል። መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ነግረሽ አቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታል ሂጂ። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ጣፋጭ ስለበላሽ ወይም ስላላገባሽ የመጣ ቅጣትም አይደለም።

እንግዲህ ውድ ወላጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ «ስታገቢ ይስተካከላል» በሚለው ፈንታ ሌላ ዓረፍተ ነገር እንልመድ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መጣልሽ? ነገ አብረን እንሂድ።» ልጃችሁ የአንድ ሰው ሚስት ወይም እናት ከመሆኗ በፊትም ሰው ናት፤ ጤናዋም ለራሷ ያስፈልጋታል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪም ምርመራን የሚተካ አይደለም። ሴት ልጅ ላላት እናትና አባት አጋሩት።